ጉማራን ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ፤ ስለ ፎገራ አስጋሪነት ያለፈ ዘመን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ምድሪቱ ከኮረብታነት ወደ ሜዳነት ተለውጣ፣ በስተ ግራ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በስተ ቀኝ ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ተዘርግታ ያገኛታል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። ከጉና የሚነሡት ሁለቱ ወንዞች፣ በደቡብ ጉማራ፣ በሰሜን ርብ፣ የወረታን ከተማ በመካከላቸው አድርገው፣ የደጋውን አፈር ተሸክመው፣ ሜዳውን እያረሰረሱ ወደ ጣና ይገባሉ። ስለነዚህ ወንዞች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ቁልቁል የሚወርደው ነገር፣ ማለት ውሃው፣ ደለሉና ጎርፉ ነው፤ በየክረምቱ ፈሳሹን ተቋቁሞ ሽቅብ ስለሚወጣው ፍጥረት፣ ስለ ጣና ታላላቅ ዓሦችና ወጥመዱን አጥምዶ ይጠብቃቸው ስለ ነበረው አስጋሪ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የዘመቻንና የግዛትን ነገር እንጂ የአስጋሪን ድካም ለመመዝገብ አልተጻፈም። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ባሠሩት በጉዛራ ግንብ ላይ የቆመ ሰው ከሜዳው ባሻገር ሐይቁን እስከ ደሰያቱ ያያል፤ በዚያ ውሃ ዳር ግን ከነገሥታቱ ከተማ አስቀድሞ የነበረ፣ ከነገሥታቱም ከተማ በኋላ የቀረ አንድ ግብር አለ፤ እርሱም ዓሣ ማስገር ነው። ይህ ጽሑፍ ሊያሳይ የሚሻው አንድ ነገር ነው። የፎገራ ዓሣ ለብዙ ዘመን ሳይጎድል የኖረው አስጋሪው የመራቢያውን ወራትና መንገድ ስላላወቀበት አይደለም፤ መሣሪያው ደካማ፣ ገበያው ጠባብ፣ የመብልና የጾም ሥርዓቱም በዙሪያው እንደ ቅጥር የቆመ ስለ ነበረ ነው፤ ያ ቅጥር በፈረሰ ጊዜም በምትኩ ሌላ ቅጥር በጊዜው ሳይሠራ በመቅረቱ ዓሣው ተጎዳ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ውሃ ነው። ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደ መሰከረው ከዛሬ 15,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ የዝናቡ ዘመን ሲመለስ ውሃው ተመለሰ፣ ከውሃውም ጋራ በወንዞቹ የተረፈው ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ ከታችኛው ዓባይ የሚመጣው ዓሣ ሊወጣው አይችልም፤ በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች የውሃው ጌታ የሆነው የናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ አዳኝ ጣናን ያላየው በዚህ ምክንያት ነው።

አዳኝ በሌለበት ውሃ የአዳኝነቱን ስፍራ የያዘው ያልተጠበቀ ወገን ሆነ። በጣና ዳር ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ሊቃውንቱ ላቤኦባርበስ ብለው የሰየሙት ዓሣ የካርፕ ቤተ ሰብ ነው፤ ይህም ቤተ ሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ መብሉን በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች የሚያደቅ፣ ልማዱም ትልና ተክል መልቀም የሆነ ነው። በጣና ግን ከአንድ ግንድ የወጡ 15 ያህል ዝርያዎች እየተለያዩ፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ላጭ፣ አንዱ የዘር ለቃሚ ሆኖ ሲቀር፣ ስምንቱ ያህል ዓሣ የሚበላ ዓሣ ሆነዋል። ከነዚህ መካከል ርዝመቱ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ አፉ ሰፊ፣ ራሱ ሾጣጣ የሆነ ይገኛል። በዓለም ላይ የዚህ ቤተ ሰብ ዓሣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ በርክቶ፣ እንዲህም ተለያይቶ ዛሬ ሳይጠፋ የሚገኝበት ሌላ ውሃ አይታወቅም ማለት ይቻላል።

የነዚህ ዓሦች ጠባይ ግን ሐይቁን ብቻ በማየት አይታወቅም። ከመካከላቸው ሰባት ያህሉ ኑሯቸው በሐይቅ፣ መራቢያቸው በወንዝ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲጠነክር፣ በሐምሌ፣ ከሰፊው ሐይቅ ተሰብስበው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ ወንዙም በደለል ቀልቶ ሲሞላ፣ ማታ ማታ፣ የወንዙን ፈሳሽ እየተቋቋሙ ወደ ላይ ይጓዛሉ። በሜዳው ላይ ያለው የጉማራ ወለል ጭቃ ስለሆነ ለእንቁላላቸው አይስማማም፤ ሜዳውን አልፈው፣ በወንዛዬ በኩል ባለው ደጋማ አገር፣ ውሃው ጥርት ብሎ በጠጠር ላይ ወደሚሮጥባቸው ትንንሽ ገባሮች መድረስ አለባቸው። እዚያም ሴቲቱ በጠጠሩ መካከል እንቁላሏን ስታኖር ወንዶቹ ተከትለው ዘራቸውን ያፈስሱበታል፤ ፈጣኑ ውሃም እንቁላሉን እያናፈሰ ሕይወት ይሰጠዋል። ዝርያዎቹም ሁሉ በአንድ ቀን አይወጡም፤ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲከተል፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ወንዙ ባለ ተራ እንግዳ አያጣም፤ የበረታው ወራት ግን ነሐሴና መስከረም ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ከነሐሴ 10 ገደማ እስከ ወሩ መጨረሻ ገደማ ያለው ክፍለ ክረምት እጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል። በዚህ ወራት ካህናቱ በማኅሌቱና በምንባቡ የቁራውን ጫጩት፣ በባሕር መካከል ያሉትን ደሴቶች፣ ዓይኑን ወደ ፈጣሪው አንሥቶ ምግቡን የሚጠብቀውን ፍጥረት ሁሉ ያስታውሳሉ። ከዚያም ጳጉሜን ሲገባ በሦስተኛው ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ይከበራል፤ በዕለቱ ስንክሳሩ በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ስለታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ይተርካል፤ በመጽሐፈ ጦቢትም መልአኩ ከወንዝ የተያዘውን ዓሣ ለፈውስ እንዲሆን አድርጎ ለወጣቱ ጦብያ አሳይቶታል። ሰው ሁሉ በዚያ ቀን የሚወርደውን ዝናብ ጠበል ነው ብሎ ሲጠመቅበት፣ የጣና ዓሣ በዚያው ዝናብ በሞላው ወንዝ ውስጥ ዘሩን ለመተካት ሽቅብ ይጓዛል። የፎገራ ካህን ስለ ዓሣው ጉዞ ጉባኤ ያድርግ አያድርግ፣ ሥርዓቱና ፍጥረቱ በአንድ ወራት መገናኘታቸውን ልብ ላለው ሰው ትምህርት አለው።

ዓሣን በመራቢያው ጉዞ ላይ መጠበቅ የፎገራ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዎልአይ የሚባል፣ ዓይኑ በጨለማ የሚያበራ፣ ሥጋው የተወደደ አዳኝ ዓሣ አለ፤ እርሱም በረዶው ሲቀልጥ፣ በእነርሱ ጸደይ፣ ከኤሪ ሐይቅ ወጥቶ ማውሚ ወደሚባለው ወንዝ ይገባና በጠጠር ላይ ይራባል። ብዙ ሺህ ሰው በየዓመቱ እስከ ወገቡ በቀዝቃዛ ውሃ ቆሞ በዘንግና በመንጠቆ ይጠብቀዋል፤ ሐይቁ ትልቅ፣ ዓሣው ትልቅ፣ ጉዞውም ለባለ ዘንጉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚወራ ነው። ነገር ግን እዚያ አንድ ሰው በቀን ስንት ዓሣ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ በሕግ የተቆጠረ ነው፤ ከቁጥሩ ያለፈ ይቀጣል። ዓሣው የሚመጣው በራሱ ጊዜ ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመትም እንዲመጣ ያደረገው ያ ቁጥር ነው።

በጣና የአስጋሪነት ግብር በታሪክ የሚታወቀው በወይጦዎች ነው። ወይጦዎች በሐይቁ ዙሪያ ከባሕር ዳር አንሥቶ በየዳርቻው ተበታትነው የሚኖሩ፣ የጥንት ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ የሚናገሩ፣ በሃይማኖታቸው እስላም የሆኑ ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ፣ ዓሣ ያሰግሩ፣ ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠሩ፣ የወፍጮ ድንጋይም እየጠረቡ ለባላገሩ ይሸጡ ነበር። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ያራቋቸው፣ በማዕድ አብረዋቸው የማይቀርቡ ሆኑ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እንፍራዝ ሰንብቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ወደ ጢስ ዓባይ ወርዷል፤ ስለ ወይጦዎችም በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ይህ የመናቅ ነገር ለአስጋሪው ሕዝብ ትልቅ በደል ነበር፤ የባላገሩ እንጀራ የሚጋገርበት እህል በእጃቸው በተጠረበ ወፍጮ ሲፈጭ፣ የገዳማቱ ዕጣንና እህልም በእጃቸው ሥራ በታንኳ ሲሻገር፣ ራሳቸው ከማዕዱ ውጭ መቆየታቸው ሊዘነጋ የማይገባው የታሪካችን ክፍል ነው።

ታንኳዋን ቀረብ ብሎ ላያት እንዲህ ናት። ደንገሉ ከረግረጉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በጭነት እየታሰረ፣ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ፣ ቀጭኑ ወደ ፊት ሆኖ ይጠመራል፤ የፊተኛው ጫፍ በገመድ ተስቦ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ወለሏ በሌላ የደንገል ጭነት ከፍ ይደረጋል እንጂ ውሃ እንዳይገባባት የሚያግድ ምንም የላትም፤ የማትሰጥመው ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነው። አስጋሪው በላይዋ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ ይሄዳል። ውሃ በጠጣች ቁጥር ትከብዳለችና ከሥራ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣታል፣ በየብስም አቁሞ ያደርቃታል፤ እንዲህም ተጠንቅቆ ይዟት ዕድሜዋ ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተፈታ ሌላ ትሠራለች። ማዕበል ሲነሣ ከዳር ርቃ አትሄድም፤ የምትሸከመውም አንድ ሁለት ሰውና ጥቂት ዓሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1624 አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለዚህች ታንኳ ጽፏል፤ ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማንም እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿታል፤ በሦስት መቶ ዓመት ልዩነት ያዩት አንድ ዓይነት ታንኳ ነበር። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማስረዳት በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ራ ብሎ ለሰየማት መርከብ የሚሆነውን ደንገል ያሳጨደው ከጣና ነው፤ በግብፅ ደንገል ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና። ያቺ መርከብ በውቅያኖስ መካከል ብትሰበርም፣ ተከታይዋ ራ ሁለት በ1970 ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች። በግብፅ የጠፋው ደንገል በጣና ዳር ሲገኝ ለሄየርዳል ግኝት ነበረ፤ ለወይጦው ግን የዕለት ሥራው ነበር።

እንዲህ ባለች ታንኳ የሚያሰግር ሰው ከዳር አይርቅም። ቀረሶን በዳር ዳር፣ ነጩን ዓሣ በወንዝ አፍ፣ አምባዛን በረግረግ ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ከቀርከሃና ከሽምበቆ የተጠለፈ ወጥመድ፣ መንጠቆ፣ ጦር፣ ከጥጥ ክር የተሠራ መረብም ነበር። ከሐይቁ ርቆ በወንዙ ዳር የሚኖረው የፎገራና የደራ ገበሬ ደግሞ አስጋሪ ተብሎ ባይጠራም የወንዙን ወራት ያውቀው ነበር። ውሃው ሲጎድል የወንዙን ወገብ በድንጋይና በቅርንጫፍ አጥሮ በመካከሉ የቅርጫት ወጥመድ ያስቀምጣል፤ ሜዳው በጎርፍ ሲሸፈንም ለመራባት ወደ ሣሩ የገባውን አምባዛ በዱላና በጦር ያሳድዳል።

ከሁሉ የሚከፋው የብርብራው ሥራ ነበር። ብርብራ በየሜዳውና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚበቅል፣ ጥላው ያማረ ዛፍ ነው። ገበሬው ፍሬውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ በሙቀጫ ወቅጦ ዱቄት ያደርገዋል፤ ዱቄቱንም ከውሃ ለውሶ ፈሳሹ ዝግ በሚልበት ኩሬ ላይ ይበትነዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ትንፋሹን ያፍነዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሥጋው ለበላተኛው ስለማይጎዳ ሰው አይፈራውም፤ ነገር ግን ወጥመድ የሚይዘው የገባበትን ብቻ ሲሆን፣ ብርብራ በኩሬው ያለውን ሁሉ፣ በዚያው የተወለደውን ግልገል ጭምር ይጨርሳል። ይህን ሥራ ያደረጉት አባቶቻችን ክፉዎች ነበሩ ማለት አይቻልም፤ የሚያደርጉት በአንድ ኩሬ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ መንደር ማዕድ ነበርና ወንዙ ቁስሉን በሚቀጥለው ክረምት ይሽር ነበር።

ዓሣው ያልተፈለገበትም ሌላ ምክንያት ነበር። ደገኛው የከብት አርቢ፣ የእህል አራሽ ነው፤ ክብሩ በፍሪዳና በጠጅ፣ ጾሙ በሽሮና በአተር ክክ ነበር። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪቱ ሥርዓት እንደ ርኩስ ይቆጠራልና ብዙ ክርስቲያን አይበላውም። ቅርፊት ያለው ዓሣ በጾም ይበላ አይበላ የሚለውም ነገር ምእመናኑንና ካህናቱን ሲያከራክር ኖሯል፤ በገጠር ሥርዓቱን አጥብቆ የሚይዘው ሰው ከፍስክ ምግብ ጋራ ሲቆጥረው፣ ከተሜው በሁዳዴ ዓሣ መብላቱን ልማድ አድርጎታል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾም ሕዝብ መካከል ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ የዓሣው ገበያ የሚሞላው በጾሙ ወራት ሆነ። እስከዚያ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ሕግ የማይጠብቀው፣ ያልተጻፈ ቅጥር በዓሣው ዙሪያ ነበረ፤ በረዶ የለም፣ መኪና የለም፣ የተያዘው ዓሣ ከወረታና ከይፋግ ገበያ ሳይርቅ በዕለቱ መበላት አለበት፤ ስለዚህ ማንም ከሚበላው በላይ አያሰግርም።

ዓሣውን ለማወቅ ከሩቅ የመጡት ሊቃውንት ቀደም ብለው ነው የጀመሩት። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች አገሩ ተመልሶ በሥዕል አስደግፎ ጻፈባቸው። ኤድዋርድ ዴገን የተባለው ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጣና ያመጣውን ዓሣ በለንደኑ ሙዚየም የነበረው ቡላንዤ ብዙ ስም አውጥቶ መዘገበው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ጣና የተላከው የጥናት ጓድ ፍሬ የሆነው የጆርጆ ቢኒ የዓሣ መጽሐፍ በ1940 ታተመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ ዓሦቹ የአንድ ዓይነት ልዩ ልዩ መልክ ሳይሆኑ በእርግጥ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን፣ በጉማራም ወንዝ በጊዜና በቦታ ተለያይተው እንደሚራቡ አስረዱ። ከእነርሱ ጋራና ከእነርሱ በኋላ የራሳችን ሊቃውንት፣ እነ ተስፋዬ ውድነህ፣ እሸቴ ደጀን፣ አበበ ጌታሁንና ዋሴ አንተነህ፣ ሥራውን ወደ ፊት ገፍተውታል። አባቶቻችን በዘልማድ የሚያውቁት የወንዙ ወራት በዚህ ጥናት በመለኪያ ተረጋገጠ።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ሲደርስ ሌላ ነገር ቀድሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986፣ በደርግ ዘመን፣ በእርሻ ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአስጋሪዎች ከተማ በሆነችው በኔዘርላንድሷ በኡርክ ባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ትብብር የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ። ዐሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻው አስጋሪ ከደንገል ታንኳ ተላቆ ኑሮው እንዲሻሻል፣ ድርቅና ረኃብ በመታው አገር ምግብ እንዲገኝ ነበር። ዓመታዊው የንግድ ዓሣ በ1987 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ነገር ግን ሞተር ያለው ጀልባ ደንገሏ ታንኳ በቀን የማትደርስበት ወንዝ አፍ በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፤ በ100 ሜትር የሚለካ የናይለን መረብም ሌሊቱን ሙሉ በውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። አስጋሪውም እንደ ማንኛውም ሰው ዓሣ በሚበዛበት ወራትና ስፍራ መገኘትን መረጠ፤ ያም ስፍራ ነሐሴና መስከረም ዓሣው ለመራባት የሚሰበሰብበት የጉማራና የርብ አፍ ነው።

ውጤቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ታየ። ማርቲን ደ ግራፍ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የተያዘውን ዓሣ አመዛዝኖ እንዳሳተመው፣ የታላላቆቹ ዓሦች መጠን 75 በመቶ ያህል፣ የግልገሎቹ ቁጥር ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ጉዳቱም በተለይ ወንዝ በሚወጡት ዝርያዎች ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጥ ነው። እንደ ቀረሶ በየዳሩ የሚራባ ዓሣ ከአንድ ስፍራ ቢጠፋ ከሌላው ይተካል፤ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ግን ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ በር ስለሚያልፍ በሩን የያዘ ሰው የሚመጣውን ትውልድ ሁሉ ይይዛል። እንቁላሏን የያዘች አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ መረብ ውስጥ ስትገባ፣ ከእርሷ ጋራ በዚያው ወራት ሊወለዱ የነበሩት ሺዎች አብረው ይገባሉ።

የሜዳውም ኑሮ በዚያው ዘመን ተለውጧል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተሞክሮ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ የፎገራን ስም በአገሩ ሁሉ ያስጠራ፣ በወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል እንዲቋቋም ያደረገ ሀብት ሆኗል። በአንድ ወገን ጎርፍ ይገርፈው የነበረው መሬት እህል ማብቀሉ በረከት ነው፤ በሌላው ወገን ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች፣ አምባዛው የሚራባባቸው፣ ወፎችም ከሩቅ አገር መጥተው የሚከርሙባቸው ውሃዎች፣ በእርሻና በበጋ መስኖ እየጠበቡ ሄደዋል። ከወንዙ ወለል አሸዋና ጠጠር እየተዛቀ ለግንባታ ሲወጣ፣ ዓሣው እንቁላሉን የሚያኖርበት ምንጣፍ አብሮ ይሄዳል። በበጋ የሚቆሙት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ወንዙን ያጎድሉታል፤ በርብ ላይ የተሠራው ግድብም የወንዙን አካሄድ ለውጦታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭም በፎገራ በኩል ተስፋፍቶ ዳር ላይ የሚሠራውን አስጋሪ መንገድ ዘግቶበታል።

መንግሥት ነገሩን አልተወውም። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የሕይወት ክልሎች ጋራ መዝግቦታል። ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ ያለ ጠባቂ አይቆምም፤ ሌሊት በወንዝ አፍ መረቡን የሚጥለውን ሰው የሚያየው የናበጋና የዙሪያው የባሕር ዳርቻ ቀበሌ ጎረቤቱ እንጂ በባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ሕጉን ማን በልቡ ይይዘዋል የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ለመፈለግ ፎገራ ከሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከሐሙሲት እስከ ወንዛዬ ባለው አገር መሬቱ ሁሉ ታርሶ፣ ተግጦ፣ ተራቁቶ ሲያበቃ፣ ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ የሚታየው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ለዚያ ዛፍ የፖሊስ ጠባቂ አልቆመለትም፤ የቆመለት ግዝት ነው። ቅርንጫፉን ለማገዶ የሚቆርጠው ሰው ማንም ባያየው የሚያየው እንዳለ ስለሚያምን እጁን ሰበሰበ። ያው ሕዝብ በዓመት ግማሹን ቀን ከላምና ከበግ፣ ከወተትና ከቅቤ ራሱን ይከለክላል፤ ለዚህም ዳኛ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ለሦስት ወር ያህል ከወንዝ አፍ መረቡን ማንሣት አይከብደውም፤ የሚያስፈልገው ነገሩ በደብሩ ዐውደ ምሕረት፣ በመስጊዱ ደጃፍ፣ በእድሩና በማኅበሩ እንዲነገር፣ ሽማግሌዎቹም በቃል ኪዳን እንዲያጸኑት ነው።

በዚህ ቃል ኪዳን ውስጥ የወይጦው አስጋሪ ቦታ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ዘመናት ሁሉ ከማዕድ ሲርቅ የኖረው ሕዝብ ሐይቁን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የትኛው ዓሣ በየትኛው ሳምንት ወደ ወንዝ እንደሚጠጋ፣ የትኛው ደንገል እንደሚቆረጥ የትኛውም እንደሚቀር፣ ማዕበሉ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቀው እርሱ ነው። የደንገሉ ታንኳ ሞተር ካለው ጀልባ ጋራ በመፎካከር ልትኖር አትችልም፤ የአስጋሪው ዕውቀት ግን የታንኳዋ አብሮ አደግ ነውና ታንኳዋ ስትጠፋ አብሮ ሊጠፋ አይገባም። የዓሣ ማኅበራት አባልነትና ገቢም ለእርሱ በቅንነት ሊደርሱት ይገባል፤ ሦስት ወር መረቡን አንሣ የሚባለው ሰው በነዚያ ሦስት ወራት ልጆቹን ምን እንደሚያበላ ሳይታሰብ መከልከል ሕግ ሊሆን ይችላል፣ ፍትሕ ግን አይሆንም።

ያለፈውን ዘመን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ዓሣውን ያላጠፉት ከእኛ ስለሚሻሉ ሳይሆን አቅማቸው ትንሽ፣ ገበያቸውም ቅርብ ስለ ነበረ ነው፤ እኛ አቅማችን አድጓል፣ ገበያችንም አዲስ አበባ ድረስ ደርሷል፤ እንግዲህ ድሮ የመሣሪያው ድካም ያደርግ የነበረውን ዛሬ የሰው ፈቃድ ማድረግ አለበት። ዓሣው ጉዞውን አላቋረጠም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ የጉማራና የርብ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፣ ጠጠሩ ከወንዙ አይዛቅ፣ ብርብራው በዛፉ ላይ ይቅር፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለው ዘጠኝ ወር ለአስጋሪውም ለበላተኛውም ይበቃል።